ለሽንዲ መንገድ የሚሆን ጎማ

«ለሽንዲ መንገድ ይኸ ምን አነሰው? የሚሄዱት እንደሁ እነዚያው ልጆች ናቸው» አለ ቢያድግልኝ።

ቢያድግልኝ የአንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ዕቃ ገዢ ነው። ይህን ያለው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ካለ የጎማ መደብር ውስጥ ነበር፤ በአንድ እጁ ለስላሳ ይዞ፣ በጫማው ጫፍ አንድ አዲስ ጎማ እየነካካ። ከመደብሩ ግድግዳ ሥር፣ በላስቲክ ጥላ ተከልሎ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ የሚቆርጠው አድማሴ ይርሳው ቃል በቃል ሰማው። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምስጢር አይዝም። አድማሴ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በዚያ ቆርቆሮ በኩል ያልሰማው የለም። ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ፣ የትኛው ሹፌር የመኪናውን ትርፍ ጎማ ሸጦ «ተሰረቅሁ» እንዳለ ሁሉ ያውቃል። ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን የሙያው ግማሽ ነበር። የዛሬው ግን ካራውን ከያዘው ጎማ ሳይነቅል እንዳጎነበሰ አስቀረው። «እነዚያው ልጆች» ከተባሉት ሦስት ሰዎች አንዷ ሳሌም ናት። የገዛ ልጁ።

ፕሮጀክቱ ሁለት መኪና አለው። አዲሱ ሥራ አስኪያጁን ይዞ ባሕር ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ ከዋናው መንገድ ወርዶ አያውቅም፤ ባለፈው ሚያዝያም ምርጥ ጎማ ገብቶለታል። አሮጌዋ ላንድክሩዘር ግን ጉድጓድ የሚያስቆፍሩትን ልጆች ይዛ በቡሬ በኩል ወደ ሽንዲ፣ ከሽንዲም ቁልቁል ወደ ቆላው ትወርዳለች። አምና ሐምሌ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዋ ፈንድቶ ገደል አፋፍ ላይ ነው የቆመችው። ሳሌም ያን ጊዜ እጇን በጨርቅ አስራ መጣችና ለእናቷ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» አለች። እውነቱን ለአድማሴ የነገረው የመኪናዋ ሹፌር ክንዱ ነው። አድማሴ ለሚስቱ አልነገራትም፤ ማወቁንም ለሳሌም አልነገራትም። በዚያ ቤት ካልተነገረው የተነገረው ያንሳል።

ቀኑ ረቡዕ ሰኔ ሃያ ሦስት፣ ዘመኑ ዘጠና ስድስት ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሳይወጣ የቀረ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናልና ዓመቱን ሙሉ ያንቀላፋ ገዢ ሁሉ በሰኔ ይሮጣል። ቢያድግልኝም ከሦስት መደብር ዋጋ አሰባስቧል። ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴው ይወስናል፤ ነገ ጎማው ይገጠማል፤ ዓርብ ልጆቹ ይወርዳሉ። ይህንንም የነገረው ያው ቆርቆሮ ነው።

አድማሴ መቀመጥ አቃተው። ቢያድግልኝ ከሄደ በኋላ የሞተ ጎማ የሚጠይቅ መስሎ ወደ መደብሩ ገባ። የተባለው ጎማ በር ላይ ተደርድሯል፤ ጥርሱ የበሬ ሰኮና ያህላል፣ ጥቁረቱ ያብረቀርቃል፤ ለማያውቅ ሰው ተራራ የሚንድ ይመስላል። ዋጋው ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ብር ነው። ከጎኑ ውስጡ ሽቦ የሆነ፣ ጥርሱ ለስላሳ፣ ለደህና መንገድ የሚሆን ሌላ አለ። ከሁሉ ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ማንም የማያየው ጠባብ፣ ጎነ ወፍራም፣ ውስጡ ድርብርብ ክር የሆነ ጎማ ቆሟል፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ። አድማሴ ወደሚያብረቀርቀው ጠጋ ብሎ አውራ ጣቱን በጥርሶቹ መካከል አስገባና ጫን ብሎ አሸው። ጣቱ ጠቆረ። አሸተተው። የጫማ ቀለም ነው፤ እሱን ደግሞ እንኳን በአፍንጫው በሕልሙም ያውቀዋል። ቀለሙ በለቀቀበት ቦታ ጎማው በጋ እንዳገኘው የመረሬ ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቋል። ይህ ጎማ አንድም ቀን ሳይነዳ ያረጀ፣ የስንት ዓመት ፀሐይ የጠጣ ነው።

«ምን ትነካካለህ አንተ ሰውዬ? ይኸ እኮ ለእግር አይደለም» አለው ባለመደብሩ እየሳቀ።

አድማሴም አብሮ ሳቀና ወጣ። ያን ሳቅ ቆይቶ ረገመው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ሰባ ብር የሚከፈልበት አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ወዲህ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ወዲያ አልጋ። ግድግዳው ላይ የሳሌም የዲፕሎማ ፎቶ አለ፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሳሌም ብቻዋን ናት። ለምን ብቻዋን እንደ ተነሣች ማንም ጠይቆ አያውቅም። አሁን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ግን ሚስቱ ዓባይነሽ የምትሠራውን የጾም ሽሮ ለመብላት ትመጣለች። የምትመጣውም በዋናው መንገድ ሳይሆን በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ዞራ ነው። በዋናው ብትመጣ በአድማሴ ጥላ ሥር ማለፍ ይኖርባታል፤ ከባልደረቦቿ ጋር ስታልፍ ሰላም አትለውም፣ በዚህም የተነሣ ብቻዋን ስታልፍ ሰላም ለማለት ታፍራለች። ሥራ የገባች ሰሞን አንዱ «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» ቢላት «የጎማ ነጋዴ ናቸው» አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ያን ቀን ያመለጣት ቃል ሁለት ዓመት ይዟት ይዞራል። አድማሴ ይህንንም ከክንዱ ሰምቷል። ሲሰማ ስቆ «ታዲያ ምን ዋሸች? ጎማ አይደለም የምሸጠው?» አለ። ማታ ግን ራቱ አልወረደለትም። ከፍቶት ነበር።

ሦስቱም ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ዓባይነሽ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ከጅጋ ስለመጣ በርበሬ፣ ጎረቤት ስለገባው አዲስ ተከራይ አወራች፤ ዝምታ ስትፈራ ዋጋ ትቆጥራለች። አድማሴ ሦስት ጊዜ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

«ዓርብ ትወርዳላችሁ ይባላል» አለ።

«አዎ» አለች ሳሌም። ቀና አላለችም።

«ሊገዙላችሁ ያሰቡት ጎማ ጎማ አይደለም። ቀለም የተቀባ ነው። በጣቴ አይቼዋለሁ።»

ሳሌም የቆረሰችውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰችው። «አባ፣ ኮሚቴ አለ። ሕግ አለው።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «እባክዎ ደግሞ… ቢሮ እንዳይመጡ።»

ዓባይነሽ ስለ በርበሬው የጀመረችውን አቋረጠች። አድማሴ «እኔ ቢሮ ምን አለኝ» አለና ውሃ ጠጣ። ሳሌም እጇን ታጥባ፣ እናቷን ስማ፣ ለአባቷ ጎንበስ ብላ ወጣች። እንደ ልማዷም በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ዞራ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራም። ከጅጋ በእግሩ የመጣ አንድ ገበሬ በረባሶ ሊለካ እግሩን ካርቶን ላይ ቢያደርግ፣ አድማሴ የቀኙን ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ ቆርጦበት ጎማ አባከነ። ድሮ ገበያ ቀን ሠላሳ ጥንድ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ያ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ መጥቶ አምስት ከሸጠም ተመስገን ነው። ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ይነሣል፤ መልሶ ይዘረጋል። ቢሄድ ልጁን ያሳፍራታል፤ ባይሄድ ዓርብ በዚያ ጎማ ላይ ተቀምጣ ያን ቁልቁለት ትወርዳለች። እንዲህ ሲነሣና ሲቀመጥ ነው ክንዱ ሹፌሩ እየሮጠ የደረሰው።

«አያ አድማሴ፣ ይነሡ! እኔ ይህን ጎማ ተረክቤ አልፈርምም ብል፣ ሊቀ መንበሩ ‹እንግዲያው ባለሙያ አምጣ› አሉኝ። እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ ጎማ የሚያውቅ ማን አለ?»

«ሳሌም አለች?»

«ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እሷ ናት» አለ ክንዱና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

አድማሴ ካራውን በጨርቅ ጠቀለለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሱም በመንገዱ ላይ አንድ መላ አገባ። ሄዶ ይናገራል፤ ልጁን ግን አያውቃትም።

ቢሮው የጭቃ ቤት ቢሆንም በነጭ ኖራ ተለቅልቆ ያማረ ነው። ከስብሰባው ጠረጴዛ ፊት ጋዜጣ ተነጥፎ ለናሙና የመጡት ሦስቱ ጎማዎች ተጋድመዋል። ሊቀ መንበሩ አቶ አምላኩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ባለፈው ግምገማ «ዘመድ አዝማድ ትሰበስባለህ» ተብለው ሦስት ቀን ሲብጠለጠሉ ከርመው፣ ከዚያ ወዲህ የአጎታቸውን ልጅ እንኳ መንገድ ላይ ሰላም የሚሉት ግራ ቀኝ አይተው ነው። በቀኛቸው ቢያድግልኝ ተቀምጧል። በግራቸው መዝገብ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ ሳሌም። አባቷ በክንዱ ኋላ ሲገባ አየችው። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ።

«ይኸ በረባሶ ቆራጩ አይደለም?» አለ ቢያድግልኝ። «አቶ አምላኩ፣ እየቀለድን ነው?»

«ይቆይ፤ ሕጉን እንከተል» አሉ አቶ አምላኩ። «አባት፣ ስምዎ ከነአባትዎ?»

አድማሴ ይህን ጥያቄ አስቦበት ነበር። እውነተኛ ስሙን ቢናገር፣ ጸሐፊዋ ሳሌም አድማሴ ናትና፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ይደርስበታል። ስለዚህ «ወልደ ጊዮርጊስ ይርሳው» አለ። አልዋሸም፤ የክርስትና ስሙ ነው። የሳሌም እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ፤ ቆይቶ ጻፈ።

«ከተጫራቾቹም ሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ጋር ዝምድና አለዎት?»

«የለኝም።»

ክንዱ ጣራውን ማየት ጀመረ። አድማሴ ግን አንዴ ከገባበት ወዲያ አላመነታም። ጎማዎቹ አጠገብ በርከክ አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ዝም ብለው ሊሰሙት ተቀምጠዋል፤ የሚፈልጋቸው ቃላትም እንደ ተሰለፉ ሁሉ ተራ በተራ መጡለት።

«እናንተ ጎማ የምታውቁት ሲወለድ ነው፤ ሲገዛ። እኔ የማውቀው ሲሞት ነው። በዚህ አገር የሚሞት ጎማ ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ገናዥ ሰው በምን እንደ ሞተ ሬሳውን ሲያጥብ ያያል፤ እኔም ስቆርጠው አያለሁ። ከሽንዲ የሚመጣ ጎማ ጥርሱ አልቆ ሞቶ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚሞተው ከጎኑ ነው፤ ያ የቆላ ድንጋይ እንደ መጥረቢያ ጎኑን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጥርሱን አትዩ፣ ጎኑን እዩ። ይኸ ሰፊው ደግሞ መረሬ ሲገባ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠባቡ ግን ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይነካል። ውድ ነው፤ ግን ሁለት ክረምት ያያል። ይኸኛው…» አለና የሚያብረቀርቀውን መታ መታ አደረገው፤ «ይኸኛው መነዳት ሳይጀምር ሞቷል። ጌታዬ፣ ጣትዎን እዚህ ጥርሱ መካከል አስገብተው ይሹት።»

አቶ አምላኩ ቢያድግልኝን አዩት። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉና ጣታቸውን አስገቡ። ሲያወጡት ጠቁሯል። አሸተቱት። ቢያድግልኝ «አቧራ ነው» አለ።

«ጻፊ» አሉ አቶ አምላኩ ጣታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ከማንም ጋር ዝምድና የሌላቸው ገለልተኛ ባለሙያ ቀርበው ጎማው ያረጀ መሆኑን ስላረጋገጡ፣ ኮሚቴው ጠባቡን ጎማ መርጧል። አንብቢልንና እንፈርም።»

አድማሴ ደስታው ሊያስጮኸው ደረሰ። ጥቂት ቃል ተናግሮ ልጁን ከገደል አፋፍ መለሳት፤ ስሟም አልተነሣ፣ አላፈረችም። አሁን መውጣትና መሄድ ብቻ ነበር የቀረው።

ሳሌም መዝገቡን አንሥታ ማንበብ ጀመረች። «በስብሰባው ላይ የተገኙት ባለሙያ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ይርሳው…» አለችና ቆመች። እንደገና ጀመረች፤ «አቶ ወልደ ጊዮርጊስ…» ላይ እንደገና ቆመች። ይህን ስም በቤታቸው ማንም ጠርቶት አያውቅም። ሰው በክርስትና ስሙ የሚጠራው ሲቆርብ ነው፤ አለዚያም ሞቶ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱለት። አባቷ ደግሞ ከልጅነቱ ወዲህ ቆርቦ አያውቅም። ከእንግዲህ ያን ስም የምትሰማው በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ነበር። እሷን ከማፈር ለማዳን ሲል ያን የመጨረሻ ስሙን አውጥቶ እዚህ ለጎማ ኮሚቴ ሰጠው። እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ስማቸው ይኸ አይደለም» አለች። «አድማሴ ይርሳው ነው። አባቴ ናቸው።»

ቢያድግልኝ ወንበሩን ገፍቶ «ይኸውላችሁ!» አለ። «ይኸውላችሁ ገለልተኛው!»

አድማሴ ተናደደ። እውነተኛ ንዴት ነው፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። «አንቺ ልጅ!» አላት። «ተቀብለውኝ ነበር እኮ! ተጽፎ አልቆ ነበር እኮ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ። ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች ሳሌም፤ እንባዋ ፊቷ ላይ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም። ገና በሕይወት እያሉ በዚያ ስም ልጽፍዎት አልችልም።»

አቶ አምላኩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ጠንቃቃ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግምገማው ግን ትዝ አላቸው። የባለሙያው ቃል ይሰረዛል አሉ፤ በዝምድና የተሰጠ ቃል አይጸናም፤ መዋሸታቸውም መልካም አይደለም። ቢያድግልኝ «እንግዲያው ርካሹን እንግዛ» ቢል ግን የጠቆረችውን ጣታቸውን ቀና አድርገው አሳዩት። ይቺ ዘመድ የላትም አሉት። ከቡሬ ሌላ ባለሙያ ይጠራ፤ እስከዚያ አንድም ጎማ አይገዛ፤ መኪናዋም ከግቢ አትውጣ፤ የዓርቡ ጉዞ ቀርቷል። በጀቱ ከተመለሰም ይመለስ። ወደ ሳሌም ዞረውም፣ ኮንትራትሽ ሐምሌ ላይ ሲታደስ ስለዚህ ነገር እንነጋገራለን አሏት፤ እሷም እሺ አለች። ክንዱ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ዓርብ ከዚያ ቁልቁለት ላይ ማንም እንደማይኖር የገባው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሳሌም ሁሉንም ጻፈች። የክርስትናውን ስም በአንድ መስመር ሰርዛ ከላይ አድማሴ ይርሳው አለች። ጽፋ ስትጨርስ እንደ ደንቡ አነበበችው። አድማሴ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ንዴቱ ገና ሳይበርድለት፣ ጆሮውን ሰጥቶ ሰማ። እሱ ፊደል የለየው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው፤ መዝገብ ላይ ምን እንደሚጻፍ አይቶ አያውቅም። ተነብቦ አበቃና ሰዎቹ መፈረም ጀመሩ።

«እስቲ ያችን ድገሚልኝ» አለ።

«የትኛዋን፣ አባ?»

«የተሰረዝሁባትን።»

አቶ አምላኩ ስብሰባው አብቅቷል ብለው ወረቀታቸውን ሰብስበው ነበር። ሳሌም ግን መዝገቡን ይዛ ተነሣች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ከአባቷ አጠገብ ቆመችና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ደገመችለት።

«አቶ አድማሴ ይርሳው የሰጡት የሙያ ቃል፣ የጸሐፊዋ የወይዘሪት ሳሌም አድማሴ አባት መሆናቸው ስለ ተረጋገጠ፣ ተሰርዟል።»